«ሊመጣ ነው» የማይለው እንዳላማው

የማርቆስ ሰው ሆኖ እንዳላማውን የማያውቅ ካለ ወይ ትናንት የተወለደ ነው ወይ ትናንት የመጣ ነው። በእኛ ጊዜ አውሮፕላን ጣቢያ ማለት እሱ ነበር። ሣር የለበሰው ሜዳ፣ ቆርቆሮ ቤቷ፣ የእህል በረንዳ ሚዛን የሚያህለው ሚዛን፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያሳየው ቀይ ከረጢት፣ ስትፈልግ የምታወራ ሳትፈልግ የምታንኮራፋ ሬዲዮ፣ ሁሉም በእሱ እጅ ነበር። ቲኬት የሚቆርጠው እሱ፣ ሰውና ጓዝ የሚመዝነው እሱ፣ አውሮፕላኗ ስትቃረብ ከብት ከሜዳው የሚያባርረውም እሱ። ከብቱን አባሮ ሲያበቃ የጫማውን ጭቃ በሣር ይጠርግና፣ ኮቱን ይቆልፍና፣ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ልክ እንደ ትልቅ ከተማ ሹም «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። ወይ እንዳላማው! ነፍሱን በገነት ያኑረው።

እኔ ሚስቱ ነኝ፣ የብርጓል። ስለ ደጉ ባሌ ላወራ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ደግነቱን አገር ያውቀዋል። ድርቅናውን ግን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከእኔ ስሙ።

አውሮፕላኗ ትንሽ ነበረች። በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች፤ ማለቴ ትመጣለች ተብሎ ነበር። በበጋ ደህና ናት። ክረምት ሲገባ ግን ደመናው ከጮቄ ተራራ ይወርድና ሜዳው ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ ድምጿ ከላይ ይሰማል፣ እሷ ግን አትታይም፤ ትዞር ትዞርና ትሄዳለች። አንዳንዴም ጭራሹን ከአዲስ አበባ አትነሣም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ካረፈች በኋላ ዝናብ ሲወርድ ነው። ሜዳው ይርስና መነሣት ያቅታታል። ውኃው እስኪሰርግ ድረስ ሰው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተፋፍጎ ይቀመጣል።

እንግዲህ የአገሬን ሰው ታውቁታላችሁ። መንገደኛ ብቻውን አይሄድም፣ ይሸኛል። ከይጁቤ አንድ ሰው አዲስ አበባ የሚሄድ እንደሆነ ግማሽ ይጁቤ በበቅሎም በእግርም ይመጣል። ሸኚ ደግሞ መንገደኛው ከዓይን ሳይጠፋ አይመለስም፤ ነውር ነው። አውሮፕላኗ ጠዋት መጥታ ጠዋት ብትሄድ ደግ፤ ካልሄደች ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ጋቢውን አጣፍቶ ሣሩ ላይ ይውላል። የእንዳላማው መሥሪያ ቤት፣ አየር መንገዱ፣ «በረራ ሲዘገይ ለመንገደኛው ሻይና ዳቦ ይሰጥ» ብሎ አዝዟል። ለሸኚው አላለም። ታዲያ እንዳላማው ሸኚውን ጦሙን እያዋለ መንገደኛውን ብቻ ሊያበላ? የት አባቱ! ይልክብኛል። «የብርጓል፣ ዘግይቷል» ነው መልእክቱ፤ ሌላ ቃል የለውም። እኔም ድስቴን ጥጄ፣ ድፎዬን ደፍቼ፣ ጎረቤት አስተባብሬ በእንስራና በሞሰብ ሜዳው ድረስ አወርዳለሁ። በሆዴ እየተሳደብኩ ነው ታዲያ!

ሌላም ጣጣ ነበረብን። የእኛ ሰው የነፍስ አባቱ መርቀውት፣ ከደጁ ተስሞ ከወጣ በኋላ ያሰበበት ሳይደርስ ወደዚያ ቤት ተመልሶ አይገባም። ምርቃት ወደ ኋላ አይታጠፍም። መሥሪያ ቤቱ ምን ያውቃል? «በረራ ሲሰረዝ የከተማው ነዋሪ ወደ ቤቱ ይሂድ» ይላል። ማን ሊሄድ! ሁሉም እኛ ቤት ነው የሚያድረው። ቢተው የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ቤቱና ቤታችን በአጥር ነው የሚለያዩት። አውሮፕላኗ የቀረችበት ቀን እኛ ሳሎን መሬት ላይ አደረ። በረደው፤ ሚስቱን ተጣራ፤ እሷም ብርድ ልብሱን በአጥር አሻግራ ወረወረችለት። ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ስትለው፣ ሰውዬው ሩቅ አገር እንዳለ ሁሉ «ደህና፤ ልጆቹ ደህና ናቸው?» አላት። እኔ በሳቅ ልሞት! እንዳላማው ግን አልሳቀም። መንገደኛ መንገደኛ ነው ብሎ ነው።

አሁን ወደ ድርቅናው ልምጣ። እንዳላማው «ሊመጣ ነው» አይልም። አውሮፕላኗን በዓይኑ ካላየ ወይ ሬዲዮዋ ተነሥታለች ካላለችው «ትመጣለች» የምትል ቃል ከአፉ አትወጣም። ቆርቆሮ ቤቷ ደጃፍ ላይ የመኪና ቸርኬ ሰቅሎ ነበር፣ እንደ ትምህርት ቤት ደወል። በየሰዓቱ ቸርኬውን ይመታል፣ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፣ ሰው ይሰበሰባል። «እስካሁን የተነገረኝ የለም። ሲነገረኝ እነግራችኋለሁ» ይላል። አበቃ! ይወርዳል። አንድ ቀን መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ የሚባሉ የቅኔ መምህር ጥግ ይዘው ሲያሸልቡ ደወለባቸው።

«አንተ እንዳላማው» አሉት፣ «የሌለ ነገር ልትነግረኝ ነው ከእንቅልፌ የቀሰቀስከኝ?»

«አዎ መሪጌታ። የለም ማለትም ወሬ ነው» አላቸው።

ሰው መጀመሪያ ይስቅበት ነበር። ኋላ ግን ወደዱት። እሱ «አላውቅም» ካለ ሰው ተረጋግቶ ይቀመጣል፤ «ተነሥታለች» ካለ ደግሞ ማንም ሳይጠራጠር ጓዙን ያነሣል።

ከየት እንዳመጣው ላጫውታችሁ። ልጅ እግር ሳለ አባቱ ታመሙበት። ከገጠር በቃሬዛ ተሸክመው ሉማሜ መንገድ ዳር አደረሷቸውና ማርቆስ ሆስፒታል ለመውሰድ አውቶቡስ ጠበቁ። ሻይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ፣ ደግ አሳቢ መስሎ፣ «አሁን ይመጣል»፣ «ደጀንን አልፏል»፣ «ሊደርስ ነው» ይላቸው ጀመር። እነሱም ቃሬዛውን መሬት አኑረው ጠበቁ። አውቶቡሱ ለካ የዚያን ቀን ጭራሹን አልተነሣም። አባቱ እዚያው ሉማሜ፣ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ አረፉ። «እውነቱን ቢነግሩን ተሸክመን እንሄድ ነበር የብርጓል» አለኝ፤ ያን ያወራኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በተጋባን ሰሞን። ሁለተኛ አላነሣውም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ይኸው እንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር ነው የኖርኩት። ይገርማችኋል፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያሳፍር እሱ ራሱ አንድ ቀን በርሮ አያውቅም። የሠራተኛ ነጻ ቲኬት ነበረው። ስንቴ ኮቱን አስተኩሼ፣ ስንቴ ስንቅ ቋጥሬ ሸኘሁት! ልክ ሊሳፈር ሲል አንድ በሽተኛ ይመጣል፣ ወይም ጭነት ይበዛል፤ ራሱን ያወርድና ስንቁን ለሰው አድሎ ይመለሳል። ነጻ ቲኬት ሕግ አለው፤ ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚወርደው ባለ ነጻ ቲኬቱ ነው። እንዲያ ሲወርድ በጄ እል ነበር፣ በራሱ ላይ ነውና። በእኔ ላይ ሲመጣ ነው ጉዱ የፈላው።

ክረምቱ የሰማንያ ስድስቱ ነው፣ ሐምሌ። ልጃችን ትሕትና አዲስ አበባ አግብታ የመጀመሪያዋን አርግዛለች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ያን ጊዜ አሰብ መንገድ ላይ ነበር። አማት የላት፣ እህት የላት፣ አገሩ ባዳ። ስልክ አስጠርታኝ ሄድኩ። «እማዬ፣ ፈራሁ። ስወልድ አጠገቤ ሁኚልኝ» አለችኝና አለቀሰች። «እናቴ ትሙት፣ እደርስልሻለሁ!» ብዬ ማልኩላት።

የዓባይ በረሃ መንገድ ያን ሰሞን ተንዷል፤ አውቶቡስ ከደጀን አያልፍም። ያለችው አውሮፕላኗ ብቻ ናት። እንዳላማው ነጻ ቲኬት አወጣልኝ። አባ ወልደ ሩፋኤል፣ የነፍስ አባታችን፣ ደጃፌ ላይ መርቀው መስቀል አሳለሙኝ። የገንፎ ዱቄቴን፣ ቅቤዬን፣ ማሬን ይዤ ወጣሁ። የሠፈሩ ሴት ሁሉ ሸኝቶኛል። እድሜ ልኬን ሌላውን ሳበላ የኖርኩ ሴትዮ፣ የዚያን ቀን ነጠላዬን መስቀለኛ ጥዬ እንደ ወይዘሮ የመንገደኞች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

አውሮፕላኗ መጣች፣ አረፈች። እሰይ! አልኩ። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ ዶፉ ወረደ። ምን ዝናብ ነው፣ ሰማይ ተቀደደ እንጂ! ሜዳው ላይ ውኃ ተኛበት። ቸርኬው ተደወለ፤ «ሜዳው እስኪጠነክር እንጠብቃለን።» ደግሞ ተደወለ፤ «እስካሁን አልጠነከረም።» ራሴ የጋገርኩት ዳቦ ለእኔው በመንገደኛ ወግ በትሪ ቀረበልኝ። በላሁት፤ ምን ላድርግ!

ወደ ማምሻው ዝናቡ አባራ። አብራሪው ወርዶ በእግሩ ሜዳውን ረገጥ ረገጥ አድርጎ አየና ከእንዳላማው ጋር ተነጋገሩ። ጭቃው ላይ እንድትነሣ ሸክሟ መቅለል አለበት ተባለ፤ ጓዝ ተራገፈ። የመሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ የማር እንስራ ወረደ፣ የእኔም የገንፎ ዱቄት ወረደ። ከዚያ እንዳላማው ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ሲመጣ አየሁት። አረማመዱን አውቀዋለሁ። ቸርኬውን መታ፣ ሚዛኑ ላይ ወጣ።

«ጓዝ ቀንሰናል፣ አልበቃም» አለ። «አንድ ሰው ይቀራል። የሚቀረው በነጻ ቲኬት የሚሄደው ነው።»

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ።

«እንዳላማው» አልኩት፣ «የምትወልደው ልጅህ እኮ ናት!»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ሌላ ሰው ለምንልኝ! እስቲ የሚቀር ካለ ጠይቅልኝ!»

ጠየቀልኝ። ማንም ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። አልፈርድባቸውም። መሪጌታ ዓይናቸው እየጠፋ ለሕክምና ነው የሚሄዱት፤ ሌላዋ ለቅሶ ደርሳ ልትመለስ፤ አንዱ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለበት። መንገድ የተዘጋው ለእኔ ብቻ አልነበረም። ባሌ እጄን ሊይዘኝ ሲል መንጭቄው ብቻዬን ወጣሁ።

አውሮፕላኗ ጭቃ እየረጨች ተነሥታ ደመናው ውስጥ ገባች። እኔ ሸኚዎቹ መሀል ቆሜ ቀረሁ። እነሱም አፍረው አንድ በአንድ ሄዱ።

አሁን ደግሞ ሌላ ፍዳ! ወዴት ልግባ? ተመርቄ ወጥቻለሁ። በረራ የቀረበት ሁሉ እንዳላማው ቤት ያድራል፤ የእኔ ቤት ደግሞ እሱ ነው! አገር ሙሉ ያሳደርኩ ሴትዮ የማድርበት አጣሁ። ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ወንበር ገጥሜ ተቀመጥኩ። እንዳላማው ወደ ቤት እንሂድ አላለኝም፤ ያውቃላ። ብርድ ልብስና ትኩስ ሻይ አመጣልኝ።

«ነገ ትመጣለች?» አልኩት።

«አላውቅም።»

«ትመጣለች በለኝ።»

ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ አስተካከለ።

«እንዳላማው፣ ልጄ ምጥ ላይ ትሆናለች። እንቅልፍ እንዲወስደኝ ብቻ ነው። ውሸትም ቢሆን በለኝ!»

አፉን ከፈተ። የሚለኝ መስሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። «አላውቅም የብርጓል» አለ፣ «ሳውቅ እነግርሻለሁ።»

ኩባያውን ከነሻዩ ወረወርኩበት። ኮቱ ራሰ፤ አልተቆጣም። ወጣና ደጃፉ ላይ፣ ሚዛኑ ላይ ተቀመጠ። እሱም የዚያን ቀን ቤት አልገባም።

በማግስቱ አልመጣችም። ከዚያም አልመጣችም። እንዳላማው በየሰዓቱ ቸርኬውን ይመታል፣ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፤ ከእኔ በቀር የሚሰማ የለም። «እስካሁን የተነገረኝ የለም» ይለኛል፤ በርቀት፣ እንደማያውቀኝ። እኔ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ይህ ሰው ልብ አለው? እያልኩ አማርረው ነበር።

አንድ ጠዋት ሬዲዮዋ አንኮራፍታ ስታበቃ ደወሉ ተመታ። ዞርኩ። ሚዛኑ ላይ ቆሞ ፊቱ እንባ ብቻ ሆኗል። «ትሕትና በሰላም ተገላግላለች» አለ። «ሴት ናት።»

እልል ልበል ላልቅስ ጠፋኝ። ወለደች! ያለ እናቷ ወለደች። እኔ የደረስኩት የልጅቷ ዓይን ከተገለጠ፣ ገንፎውም በሰው እጅ ተገንፍቶ ካለቀ በኋላ ነው። ስታምጥ እጇን የያዘችላት የጎረቤት ሴት ነበረች። ትሕትና አልወቀሰችኝም፤ እሱ ደግሞ ከወቀሳ ይብሳል። ልጅቷን ፍቅርአዲስ አልናት። ማርቆስ ስመለስ እንዳላማው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝና «ይቅር በይኝ» አለኝ። «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት፣ በአፌ። ሆዴ ውስጥ ግን አንድ ነገር ቁጭ አለ። ኖርንበት። ትዳር ነዋ!

ዘመን ሄደ። መንገዱ ተሠራ፣ አውቶቡስ በዛ፣ ሰው በጠዋት ተነሥቶ ለምሳ አዲስ አበባ መግባት ጀመረ። አውሮፕላኗ መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ሆነች፣ ከዚያ ቀረች። ሬዲዮዋንና ሚዛኑን በጭነት መኪና ወሰዷቸው። ቆርቆሮ ቤቷን አፈረሷት፤ ቆርቆሮውም እንጨቱም ለሌላ ሥራ ተጫነ። እንዳላማው ቆሞ ነው ያስፈረሰው። ቸርኬውን ብቻ ለምኖ አስቀረና ቤታችን ጓሮ ሰቀለው። ጡረታ ወጥቶም ከቤተ ክርስቲያን መልስ በዚያ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ባዶ ሜዳ! አበረ የሚባል ጎረቤታችን በሬዎቹን እዚያ ይለቃቸዋል፤ ባሌ በከዘራው ከሜዳው መሀል ያባርርለታል። «ምን አደረጉህ?» ቢለው «የለመደ እጅ ነው» ይለዋል።

እኔም ያን የተረገመ ሜዳ ናፍቄዋለሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ድስት ጥጄ ሸኚ የምጠብቅበትን ቀን፣ ሰው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ሲያወጋ የሚሰማውን ጫጫታ፣ «የብርጓል፣ ዘግይቷል» የሚለውን መልእክት። ያኔ እማረርበት ነበር። ዛሬ ማን ይልክብኛል?

ሁለት ሺህ ሰባት ላይ ፍቅርአዲስ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተምራ ልትመረቅ ሆነ፣ ሰኔ መጨረሻ። ስትወለድ ያልደረስኩላት ልጅ! ለምርቃቷ ብሞት አልቀርም አልኩ። ትሕትናና ባሏ ቀድመው በመኪና ሄዱ። እኛ ያን ሰሞን እነሱ ቤት ሰንብተን ነበርና፣ ለእኛ ግን፣ አርጅታችኋል ብለው፣ ከአዲስ አበባ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጡልን። እንዳላማው «የጡረተኛ ነጻ ቲኬት አለኝ እኮ» ሲል ጮህኩበት። «ነጻ ቲኬትህን እዚያው! ዛሬ ማንም አያወርደኝም!»

ቦሌ በጠዋት ደረስን። ምረቃው በማግስቱ ነው። የሚያምር አዳራሽ፣ መስታወት በመስታወት። ተቀመጥን። ሰዓቱ ደረሰ፣ የጠራን የለም። ሰሌዳው ላይ «ዘግይቷል» የሚል ብቻ ተጻፈ። ለምን? እስከ መቼ? የሚናገር ጠፋ። ሰው ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ያጉረመርማል። እንዳላማው ወንበሩ ላይ እሾህ እንዳለበት ሁሉ ይቁነጠነጣል። በመጨረሻ ከዘራውን ይዞ ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ዘንድ ሄደ። ተከተልኩት፤ ምን ሊያደርግ ነው ብዬ።

«ልጄ፣ ደክሞሻል» አላት። «እኔም ይህን ሥራ ሠርቻለሁ። ካላወቅሽ አላውቅም በያቸው። ሰው አላውቅም ቢሉት አይቆጣም፤ ዝም ሲሉት ነው የሚቆጣው።»

ልጅቱ ፈገግ አለች። «አባባ፣ ጎንደር ጉም ነው። የጠዋቱ በረራ ተሰርዟል፤ ከሰዓት በኋላው ጋር ሊያደርጉት እየተነጋገሩ ነው። እስኪቆርጡ ምንም ማለት አልቻልኩም» አለችው።

«ይሄው ራሱ ወሬ ነው እኮ!» አላት። ተመለሰና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አጠገባችን የጓዝ መግፊያ ጋሪ ነበረች፤ ብረቷን በከዘራው ኳ! ኳ! ኳ! አደረጋት። አፈርኩ፣ መሬት ብትከፈት በገባሁ። ሰው ሁሉ ዞረ። እንዳላማው ኮቱን ቆልፎ፣ ልጅቱ ያለችውን አንድ በአንድ ነገራቸው። «ከዚህ ሌላ የተነገረኝ የለም። ሲነገረኝ እነግራችኋለሁ» አለ። ታምናላችሁ? ሰው ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ልጅቱ አዲስ ነገር ስትሰማ ራሷ መጥታ «አባባ» ትለዋለች፣ እሱ ጋሪዋን ይመታል።

ለምሳ ሥጋ ያለበት ዳቦ አደሉን። የሰኔ ጾም አልተፈታም፤ ግማሹ ሰው እያየ አስቀመጠው። ለፍቅርአዲስ የያዝኩትን ድፎና ቆሎ ፈታሁ። ወጣቱም ሽማግሌውም ዙሪያችንን ከበበ። እንዳላማውን አየሁት፤ ፊቱ ያ የጥንቱ ፊት ሆኗል። ለአፍታ የማርቆስ ሣር ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ወደ አሥር ሰዓት ልጅቱ መጣች፤ በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። ጎንደር ገለጥ ብሏል፤ ለሁለት በረራ ሰው ግን አንድ አውሮፕላን አይበቃም። በሠራተኛ ነጻ ቲኬት የሚሄዱ ይቀራሉ፣ ለነገ ጠዋት ይሞከራል አለች። ከፊታችን አይናዲስ የምትባል ጥቁር የለበሰች ልጅ ነበረች፤ ድፎውን ስንቆርስ አባቷ ትናንት እንዳረፉና ነገ ጠዋት ቀብር እንደሆነ ነግራናለች። የዚያው የአየር መንገዱ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ስሟ ሲጠራ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበችና አንገቷን ደፋች።

«መቀመጫውን የሚለቅላት ሰው ይኖራል?» አለች የጠረጴዛዋ ልጅ።

ሰው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ያን አቀርቅሮ ማየት አውቀዋለሁ። ውስጤ ያ ቁጭ ያለው ነገር ተላወሰ። እንዳላማው ወደ እኔ አየና ከዘራውን ጨበጥ አደረገ። ሊነሣ ነው!

«ተቀመጥ!» አልኩት። ኮቱን ያዝኩት። «አንተ አይደለህም። የእኔን ትውሰድ።»

«የብርጓል! አንቺ እኮ ለፍቅርአዲስ…»

«አውቃለሁ። አንተ ግን አንድ ቀን በርረህ አታውቅም። ዕድሜህን ሙሉ ሰው ሸኘህ፤ ዛሬ እኔ ልሸኝህ።»

አይናዲስ እግሬ ላይ ወደቀች፤ አነሣኋት። እንዳላማው ተነሥቶ ቆመ፣ ሕፃን ይመስል ግራ ገባው።

«ነገ ጠዋት ትደርሻለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «ሳውቅ እነግርሃለሁ።»

ሳቀ፤ እያለቀሰ ሳቀ። እኔ መስታወቱ ጋ ቆምኩ፤ አውሮፕላኑ ተነሥቶ ደመናው ውስጥ እስኪገባ፣ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆምኩ። ሆቴል ሰጡኝ። የትሕትና ቤት ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ግን ጠዋት የሠፈሩ ቄስ ደጃፉ ላይ መርቀው የሸኙኝ ቤት ነው፣ እንዴት ልመለስበት! ሆቴሉ አደርኩ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አሳፈሩኝ። መስኮት ዳር ነበርኩ። ማርቆስን አያታለሁ ብዬ አንገቴ እስኪጣመም አዘነበልኩ። ምን ይታያል! ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ነጭ ባዘቶ ነው፣ አንዲት ቀዳዳ የለውም። ስንደርስ ምረቃው አልቋል። ፍቅርአዲስ ጋወኗን ሳታወልቅ፣ ቆቧን እንደደፋች በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ «እማማዬ፣ ለአንቺ ብዬ አላወለቅኩትም» አለች። አቅፌያት ቆየሁ። ዘገየሁ እንጂ ደረስኩ።

እንዳላማው ከኋላዋ ኮቱን ቆልፎ ቆሟል።

«የብርጓል!» አለኝ፣ «አየኋት እኮ! ሜዳዋን ከላይ አየኋት!»

«እንዴት አድርገህ?»

«ደመናው ልክ እዚያ ላይ ተገለጠልኝ። ሜዳዋ አረንጓዴ፣ ቆርቆሮ ቤቷ በፀሐይ እያብረቀረቀች! ሁሉንም አየሁት፣ ባንቺ ፈንታ አየሁልሽ።»

ፊቱን አየሁት። በገዛ ዓይኑ እያየ ቆሞ ያስፈረሳት ቤት! ዓይኑን ከእኔ ሸሽቶ የፍቅርአዲስ ቆብ ላይ ተክሎታል፤ ከንፈሩ «ውሸትም ቢሆን በለኝ» ባልኩት ሌሊት እንደሆነው ይንቀጠቀጣል። ሆዴ ውስጥ ቁጭ ያለው ነገር የት እንደገባ አላውቅም። እጁን ያዝኩት።

«ቆርቆሮዋ አልዛገችም?» አልኩት።

«ኤዲያ!» አለኝ፣ «እንደ አዲስ ናት።»